የወየበ የድንች ቅጠል ይዤ ሦስት ቦታ ሄድኩ

ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። ሥራዬ ነርስነት ነው። ከቤቴ ጀርባ አራት መደብ ድንች አለኝ። አንዱ መደብ 2 ሜትር በ3 ሜትር ነው። የምሸጠው የለኝም፤ ለቤት ብቻ ነው። ለመስቀል ከራሴ ጓሮ የወጣ ድንች ቀቅዬ ለልጆቼና ለጎረቤት ማቅረብ ስለምወድ በየዓመቱ እተክላለሁ።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ቅጠሉ ወየበብኝ። መፍትሔ ፍለጋ ሦስት ቦታ ሄድኩ። አንዱ ስልኬ ላይ ያለ አፕ ነው። ሁለተኛው የእርሻ መድኃኒት መሸጫ ሱቅ ነው። ሦስተኛዋ የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ናት። የማንንም ስም አልጠራም። ግን እያንዳንዱ ምን እንዳደረገልኝ በዝርዝር እጽፋለሁ። ጓሮ ያላችሁ ሰዎች ያለ ጥፋታችሁ ገንዘብና ምርት እንዳታጡ ነው።

ዘሩ በለጠ ነው። ሆለታ ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 የለቀቀው ዝርያ ነው። ጎረቤቴ ከስናን ዘመዶቿ ያስመጣችውን አካፈለችኝ። ግንቦት 28 ተከልኩ። በመስመርና በመስመር መካከል 75 ሳንቲ፣ በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ለካሁ። ቡቃያው በደንብ ወጣ። ኮተኮትኩ፣ አፈር አስታቀፍኩ። እስከ ሰኔ መጨረሻ ድረስ ምንም አልነበረበትም።

አርባ ቀን ሲሞላው፣ ሐምሌ 8 ቀን ጠዋት ወደ ጓሮ ወጣሁ። ከላይ በኩል ያሉት ሁለት መደቦች ጥቁር አረንጓዴ ናቸው። ወደ አጥሩ ዝቅ ብለው ያሉት ሁለቱ ግን ገርጥተዋል። ቢጫው ከታች ካሉት ቅጠሎች ነው የጀመረው። ነጥብ የለውም፣ ቀዳዳ የለውም። ደም ያነሰው ሰው መዳፍ ነው የሚመስለው። ከጠርዙ ላይ ደግሞ አንድ ተክል ለብቻው ጠውልጓል። እሱ ቢጫ አይደለም። አረንጓዴ እንደሆነ ቅጠሉ እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሏል።

አጥር የምንጋራቸው እማሆይ አይተው "ምች ነው ልጄ፣ ምች መትቶታል" አሉኝ። ዘሩን የሰጠችኝ ጎረቤቴ ደግሞ "መሬትሽ ኮምጥጧል፣ ኖራ በትኚበት" አለችኝ። ሁለቱም ለእኔ አስበው ነው። እኔ ግን ምኑን እንደምይዝ ግራ ገባኝ።

በአፑ ልጀምር። ልጄ ናት የጫነችልኝ። ነፃ ነው። ቅጠሉን ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ የበሽታ ስም ይዞ ይመጣል። አማርኛ የለውም። ልጄ እያነበበች ነገረችኝ።

መጀመሪያ ፀሐይ ላይ አነሳነው። "ኧርሊ ብላይት" አለ። ይህ በሽታ ቅጠሉ ላይ ቡናማ ነጥብ ያወጣል። ነጥቡ ውስጥ ክብ በክብ የተደራረበ ቀለበት ይታያል፤ የተቆረጠ ግንድ ላይ እንደምናየው ማለት ነው። ይህን ያወቅኩት እዚያው አፑ ላይ ካለው ሥዕል ነው። የእኔ ቅጠል ላይ ግን አንድም ነጥብ የለም። ያንኑ ቅጠል ጥላ ውስጥ አድርገን ደግመን አነሳን። አሁን "የፖታሲየም እጥረት" አለ። ፖታሲየም ሲያንስ የአሮጌው ቅጠል ዳር ዳሩ ነው የሚቃጠለው። የእኔ ዳሩ ደህና ነው። በሦስተኛው መደቡን በሙሉ አነሳን። "ጤናማ ነው" አለን።

አፑ ዋጋ የለውም አልልም። የሥዕል ክምችቱ ጥሩ ነው። ስለ ድንች በሽታ ምንም የማያውቅ ሰው አንድ ምሽት ቁጭ ብሎ ቢያየው ዓይኑ ይከፈታል። ቅጠሉ ላይ ጥርት ያለ ምልክት ካለም ሊያገኘው ይችል ይሆናል። ነጥብ የሌለው፣ ዝም ብሎ የወየበ ቅጠል ሲሆን ግን ይጠፋበታል። ፎቶው የሚያሳየው ቅጠል ብቻ ነው፤ የእኔ ችግር ደግሞ አፈር ውስጥ ነበር። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሦስት ቅጠል በላስቲክ ይዣለሁ። ሻጩ ላስቲኩን አልከፈተውም። "ስንት ካሬ ነው እህቴ?" አለኝ። ነገርኩት። ዞር ብሎ ከትልቅ ከረጢት ነጭ ዱቄት በማንኪያ ጨለፈ። በላስቲክ ቋጥሮ ሰጠኝ። ከጎኑ ትንሽ ጠርሙስ ጨመረ። "ቪታሚን በይው፣ ቅጠሉን ያጠቁረዋል" አለ። 620 ብር ከፍዬ ወጣሁ። ከገባሁ አምስት ደቂቃ አልሞላም።

ቤት ገብቼ ቋጠሮውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። መብራት አብርቼ ገለባብጬ አየሁት። ስም የለውም። መጠን የለውም። የተመረተበትም የሚያበቃበትም ቀን የለውም። ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ቆይቶ ድንቹ እንደሚበላ የሚናገር ነገር የለውም። እኔ ስም የሌለው መድኃኒት ለማንም ሰው ሰጥቼ አላውቅም። በመርዝ ተጎድተው የሚመጡ ሰዎችንም አክሜአለሁ። ልጆች በሚሮጡበት ጓሮ ይህን አልረጭም አልኩ።

በነጋታው ይዤው ተመለስኩ። ስሙን ብቻ ንገረኝ አልኩት። "የድንች ነው፣ ሁሉም ይወስዳል" አለኝ። ብሩንም አልመለሰልኝም። በጣም ከፋኝ። እኔ እንኳ ለመጠየቅ አቅሙ አለኝ። ከገጠር ድረስ በእግሩ መጥቶ፣ በሰጡት ነገር ተማምኖ፣ በባዶ እጁ በጥብጦ የሚረጭ ገበሬ አለ። ለእሱ ነው ያዘንኩት። ለማሳው ብዬ አይደለም፤ ለሳንባውና ለዓይኑ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በኋላ እንደተረዳሁት ያ ዱቄት ትክክለኛ የፈንገስ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ እንኳ ለእኔ መደብ ምንም አይፈይድም ነበር። የእኔ ድንች ፈንገስ አልነበረበትም። ተርቦ ነበር።

ከዚያ ነው ቀበሌ የሄድኩት። እንደ እኔ ዓይነት ትንሽ ጓሮ ላላት ሴት ባለሙያ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የገጠሩ ሥራ ይበልጥባቸዋል ብዬ ነው። ባለሙያዋ ስልክ ቁጥሬን ተቀበለችኝና "እመጣለሁ እትዬ፣ እስከዚያ ምንም እንዳይረጩበት" አለችኝ። በሦስተኛው ቀን መጣች። ልጅ እግር ናት። ቦቲ ጫማ አድርጋ፣ ደብተርና አጉሊ መነጽር ይዛ ነው የመጣችው።

ቅጠሉን ልታይ ወዲያው አልጎነበሰችም። አጥሩ ጥግ ቆመች። አራቱንም መደቦች ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። ከዚያ መጠየቅ ጀመረች።

"መቼ ተከሉት እትዬ?"

ነገርኳት።

"አምና እዚህ ላይ ምን ነበር?"

"ጎመን። ካቻምና ደግሞ ቲማቲም።"

ቲማቲሙን ስትሰማ ጻፈችው። ቲማቲምና ድንች ዘመዳሞች ናቸው፤ በሽታቸውም ይጋራሉ አለችኝ። ዘሩን ከየት እንዳመጣሁ ጠየቀች። ቢጫው ከላይ ነው ከታች የጀመረው? በአንድ ቀን ነው ወይስ ቀስ እያለ? ዝናቡ ከበረታ በፊት ነው ወይስ በኋላ? እኔ ታካሚ ስቀበል የምጠይቀውን ዓይነት ነው የጠየቀችኝ። ያኔውኑ ልቤ አመናት።

"አፈሩ ላይ ምን ጨመሩ?"

"የላዮቹ ላይ የበሰበሰ ፍግ። ለታቾቹ ፍግ አልበቃኝም። የጤፍ ጭድ ከአፈሩ ጋር ቀላቀልኩበት።"

እዚህ ላይ ቀና ብላ አየችኝ። "ጭዱ የበሰበሰ ነበር?"

"ኧረ ደረቅ ነው ልጄ። አፈሩ ይለሰልስልኛል ብዬ ነው።"

መኮትኮቻ አምጪልኝ አላለችም። ቁጢጥ ብላ አፈሩን በእጇ ፈለቀቀችው። አንዱን ተክል ከነስሩ ቀስ አድርጋ አወጣችው። ያየሁትን እስካሁን አልረሳሁትም። ጭዱ ልክ እንደቀበርኩት ነው። ከላይ የወርቅ ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም። ጨበጥ አድርጋ ስትጨምቀው ቡናማ ውሃ ጠብ ጠብ አለ። ሽታው የቆየ የጠላ ጋን ይመስላል። ስሩ አጭር ነው፤ ጫፉ ቡናማ ሆኗል። ድንቹ የሽምብራ ፍሬ ያህላል። ከላይኛው መደብ ደግሞ አንድ ተክል ጎኑን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። እዚያ ስሩ ነጭ ነው፤ ድንቹ የዶሮ እንቁላል ሊያህል ምንም አልቀረውም።

ከዚያ አስረዳችኝ። ጭድ አፈር ውስጥ ሲገባ የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ናቸው። እነሱ ለሥራቸው ናይትሮጅን ይፈልጋሉ። ጭዱ ውስጥ በቂ ስለሌለ ከአፈሩ ይወስዳሉ። ድንቹ የሚበላው ያጣል። ሲቸግረው አሮጌ ቅጠሉ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን አውጥቶ ለአዲሱ ቅጠል ይልካል። ለዚህ ነው ቢጫው ከታች የሚጀምረው። እናት ከራሷ ጉሮሮ ነጥቃ ለልጇ እንደምትሰጠው ነው። የበሰበሰ ፍግ ግን ይህን ፍጆታ አስቀድሞ ስለጨረሰ ድንቹን ይመግበዋል። በዚያ ላይ የታችኛው መደብ ውሃ ያቁራል። ሥር አየር ካላገኘ ያለውንም መሳብ አይችልም።

ቅጠል እንዴት እንደሚነበብም አሳየችኝ። ይህን ትምህርት በየትም ቦታ ከፍዬ አላገኘውም ነበር። ቢጫው የታችኛው ቅጠል ላይ ሆኖ ደም ሥሩ አረንጓዴ ከቀረ፣ በመካከሉ ብቻ ከወየበ፣ ማግኒዚየም ነው የጎደለው። ያው ምልክት ከላይ ለጋው ቅጠል ላይ ከታየ ብረት ነው። ተክሉ ከጨነጨነና ቅጠሉ ጠቁሮ ወይን ጠጅ ቀለም ካወጣ ፎስፈረስን ጠርጥሩ፤ ኮምጣጣ አፈር ፎስፈረስን አስሮ ስለሚይዝ በእኛ አካባቢ የሚያጋጥም ነው። ቅጠሉ ወደ ላይ እንደ ማንኪያ ከታጠፈና ሲነኩት እንደ ወረቀት ከተንኮሻኮሸ ቫይረስ ነው። ቫይረስ ከዘሩ ጋር ይመጣል፤ ክሽክሽም ከተክል ወደ ተክል ያዛምተዋል። መድኃኒት የለውም፤ ተክሉን መንቀል ነው፣ ከእሱም ዘር አለመያዝ ነው። ድንቹ ሊደርስ ሲል ደግሞ ቅጠሉ በሙሉ ቢጫ መሆኑ ያለ ነው። እሱ በሽታ አይደለም፤ ዕድሜው ነው።

ስለ ኖራውም ጠየቅኳት። "አፈሩ አንድ ነው እትዬ፤ ኮምጥጦ ቢሆን ኖሮ የላዮቹም ይገረጡ ነበር" አለችኝ። ድንች ትንሽ የኮመጠጠ አፈር ይችላል። ኖራ ሲበዛበት ቆዳው እከክ ያወጣል። አፈሩ ሳይመረመር ኖራ መበተን አያስፈልግም አለች። መልሱ በዚያው ጓሮ ውስጥ ነበር፤ የላዩን ከታቹ ጋር ማወዳደር ብቻ ነው የሚፈልገው። እኔ ግን ለአንድ ሳምንት የታመመውን ብቻ ነበር የማየው።

የጠወለገው ተክል ቀረ። እሱን ስታይ ፊቷ ቆፍጠን አለ። በባክቴሪያ የሚመጣ አጠውልግ የሚባል በሽታ አለ፤ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ይጠወልጋል። መድኃኒት የለውም። አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ከዘር ድንች ጋርም ወደ ሌላ መሬት ይሄዳል። አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ አምጪልኝ ብላ ልጄን ላከቻት። ግንዱን ከሥሩ አጠገብ በምላጭ ቆረጠች። የተቆረጠውን ጫፍ ውሃው ውስጥ ነክራ ሳታንቀሳቅስ ያዘችው። በሽታው ካለ ከተቆረጠው ቦታ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች ይወርዳል አለችን። ሦስታችንም ብርጭቆው ላይ አፍጥጠን ቆምን። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ አምስት። ውሃው ጠርቶ ቀረ። እፎይ አልኩ።

ከዚያ የተክሉን ሥር ፈተሸች። ሥር የለውም! ከሥሩ ክብ ጉድጓድ አለ። ፍልፈል ነው በልቶት የሄደው። ጉድጓዱን ተከትለን አጥሩ ጥግ የአፈር ክምሩን አገኘነው።

የነገረችኝ መፍትሔ ቀላል ነው። መጀመሪያ በመደቡ ግርጌ አንድ ክንድ ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሬ ውሃውን ማስወጣት። ውሃው ሳይወጣ ማዳበሪያ መጨመር ብክነት ነው አለች። ከዚያ ለአንድ ተክል አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ዩሪያ፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጎ፣ አፈር አልብሶ። ግንዱን እንዳይነካው አስጠነቀቀችኝ። ቦዩን በማግስቱ ከልጆቼ ጋር ቆፈርን። ዩሪያውን ከጎረቤት ለምኜ ጨመርኩ። በአሥረኛው ቀን ከላይ የወጡት አዳዲስ ቅጠሎች አረንጓዴ ሆነው መጡ። የወየቡት የታች ቅጠሎች ግን አልተመለሱም። እነሱ እንደማይመለሱ አስቀድማ ነግራኝ ስለነበር አልደነገጥኩም።

ክፍያ የለም። ቡና አፍልቼ ነበር፤ ሌላ ቀጠሮ ስላለባት ቆማ አንድ ሲኒ ጠጣች።

ጉድለቱንም መናገር አለብኝ። ሦስት ቀን መጠበቅ ለተራበ ተክል ችግር የለውም፤ ለሚዛመት በሽታ ግን ረጅም ነው። የምትሸፍነው ሰው ብዙ ነው። በእግሯ ነው የምትሄደው። ጭቃው ሲበረታ የቀጠሮ ቀን ይዘላል። ቅዳሜና እሑድ ስልኳ አይነሳም፤ በዚህ አልፈርድባትም። የእሷን ዓይነት ሰው ሁለትና ሦስት አድርገው ቢቀጥሩልን፣ አንድ ሞተር ሳይክል ቢሰጧት፣ ሱቅ ሄዶ ስም የሌለው ዱቄት የሚገዛ ሰው ይቀንሳል። ይህን ከልቤ ነው የምለው።

እውነተኛው ፈተና የመጣው ነሐሴ ላይ ነው። አራት ቀን ሙሉ ጉም ሳይገለጥ ቆየ። ካፊያው አያቆምም። ፍልሰታ ገብቷል። ነሐሴ 5 ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ጓሮውን ቃኘሁ። በጣም ያማረውን፣ የላይኛውን መደብ። እዚያ አንድ ቅጠል ጫፉ ላይ የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስላል። ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ እርጥብ ነው። ዙሪያው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ቀለበት አለው።

ባለሙያዋ ከሄደች በኋላ የራሴን አጉሊ መነጽር በ250 ብር ገዝቼ ነበር። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ነው። ስለ ዕቃ ከተጠየቅኩ ጓሮ ላለው ሰው ይህን ነው ግዙ የምለው። ቅጠሉን ገለበጥኩና በመነጽሩ አየሁት። በምልክቱ ጠርዝ ላይ ነጭ ነገር አለ። በባዶ ዓይን ጤዛ ይመስል ነበር። በመነጽሩ ግን እናቴ ስትባዝተው እንደማውቀው ጥጥ ነው፤ ቀጫጭን ክሮች ቆመዋል። በጣቴ ስነካው ተጠረገ። እውነተኛው ምች ይኼ ነው፤ ባለሙያዎቹ ሌት ብላይት ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ አየርላንድ ውስጥ ድንቹን ጨርሶ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና በበሽታ እንዲያልቅ ያደረገው በሽታ ነው። ብርድና እርጥበት ይወዳል። ያማረው መደብ ላይ የመጣውም ቅጠሉ ጥቅጥቅ ብሎ ጤዛው ቶሎ ስለማይደርቅ ነው።

ነጩን ነገር በጠዋት ካልሆነ ማየት ይከብዳል። ቀን ላይ ሲደርቅ ይጠፋል። ከተጠራጠራችሁ ቅጠሉን ከእርጥብ ሶፍት ጋር በላስቲክ ዘግታችሁ አሳድሩት። ምች ከሆነ በማግስቱ ነጩ ይወጣል። ይህንም እሷ ናት ያስተማረችኝ።

ፎቶ ላኩላት። ከሰዓት በፊት መለሰችልኝ፤ በጥያቄ ነው የጀመረችው። ስንት ተክል ላይ ነው? ግንዱ ላይ ጥቁር መስመር አለ? አምስት ተክል ላይ ነበር፣ የሁለቱ ግንድም ጠቁሯል። አምስቱንም ነቅዬ ከጓሮው ራቅ አድርጌ በጥልቀት እንድቀብር ነገረችኝ። ለቀሩት ማንኮዜብ የሚባል የፈንገስ መድኃኒት እንድረጭ፣ እሱም የታሸገና ጽሑፍ ያለው እንዲሆን። ማንኮዜብ ጤነኛውን ቅጠል ይጠብቃል እንጂ የታመመውን አያድንም። ዝናብ ያጥበዋል፤ ስለዚህ ቅጠሉ ደረቅ ሲሆን መርጨት ነው። ከሌላ ሱቅ የታሸገ ገዛሁ። የዚያኛው ሻጭ ማሸጊያው ላይ ያለውን መጠን አብሮኝ አነበበ፤ ድንቹን ከማውጣቴ በፊት ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለብኝም አሳየኝ። ጓንትና ማስክ አድርጌ፣ ልጆቹን ቤት አስገብቼ ረጨሁ። ከሳምንት በኋላ ደገምኩት። ሌላ ሁለት ተክል ብቻ ሄደብኝ።

ጳጉሜ 2 ቀን ሐረጉን በሙሉ አጭጄ አወጣሁ። ድንቹ አፈር ውስጥ ሁለት ሳምንት ቆየ። ቆዳው እንዲጠነክር ነው፤ ቅጠሉ ላይ የቀረ በሽታም ሲወጣ ድንቹን እንዳይነካው ነው። መስከረም 11 ቆፈርን። ከላይኛዎቹ መደቦች አንዱ 19 ኪሎ ሰጠ። ምች የመታው 12 ኪሎ። የታቾቹ 11 እና 10 ኪሎ። ፍሬው አነስ ይላል እንጂ ንጹሕ ነው። ለመስቀል ቀቅለን በአዋዜ በላን። ለእማሆይም፣ ለጎረቤቴም፣ ለባለሙያዋም ላክሁ።

ያ የተቋጠረ ዱቄት እስካሁን ልጆች በማይደርሱበት ተቆልፎ ተቀምጧል። ቦይ ውስጥ እንዳልጥለው አስጠንቅቃኛለች፤ እሷው መጥታ ትወስደዋለች።

እናንተም ወደ ባለሙያ ስትሄዱ ቅጠል ብቻ አትያዙ። የታመመ አንድ ተክል ከነስሩና ከነአፈሩ፣ ደህና የሆነ አንድ ተክል አጠገቡ አድርጋችሁ በማዳበሪያ ከረጢት ያዙ። ምን እንደጨመራችሁበትና መቼ እንደተከላችሁ ጻፉ። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ከዚያ በኋላ ወደ መስክ ይወጣሉ።

ጭዱን አሁን ከፍግ ጋር ከምሬ እያበሰበስኩት ነው። የታቾቹ መደቦች ላይ ባቄላ ልዘራ ነው። ምች የመታው መደብ ግን በእሷ ደብተርም በእኔም ደብተር ተጽፏል፤ ለሦስት ዓመት ድንችም ቲማቲምም አይተከልበትም።